ኦቶ ሞር እና የማይታየው ኃይል ሥዕል

ከወልድያ ተነሥቶ አላውኃን የተሻገረ መንገደኛ ጎብዬ ሲደርስ ሰፊ ሜዳ ይቀበለዋል። በስተምዕራብ የደጋው ተረተር እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ ሜዳውን ከአፋር ቆላ ይጋርደዋል። በሁለቱ መካከል በሮቢትና በቆቦ አልፎ እስከ አላማጣ የሚዘረጋው ምድር የማሽላ አገር ነው። የሥነ ምድር ባለሙያዎች እንደሚያስረዱት ይህ ሜዳ ወንዝ የጠረበው ሸለቆ አይደለም። የመሬት ቅርፊት ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ሲሳብ ግራና ቀኙ ተሰንጥቆ መካከሉ የሰጠመ ስምጥ ነው። የሰጠመበትም ጥልቀት ከተራራው በሚወርደው የጎርፍ አፈር ስለ ተሞላ ለዓይን አይታይም። ያሰጠመው ኃይልማ ከቶውንም አይታይም።

ኃይል በባሕርዩ ስውር ነው። ለዓይን የሚገለጠው ሥራው ብቻ ነው፤ ይኸውም የተሰነጠቀው አለት፣ የጎበጠው የብረት ተሸካሚ፣ የተንሸራተተው የግድብ ትከሻ ነው። መሐንዲስ ግን ኃይሉን ማወቅ የሚጠበቅበት ጥፋቱ ከደረሰ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ ነው። ይህን ስውር ነገር በአንድ ተራ ወረቀት ላይ በኮምፓስና በማስመሪያ እንዲታይ ያደረጉት ሰው ጀርመናዊው መሐንዲስ ክርስቲያን ኦቶ ሞር ናቸው። ሞር የራያን ሜዳ አላዩም፤ ነገር ግን የአፈርን ጥንካሬ የሚመረምር መሐንዲስም ሆነ የመሬት ስብራትን የሚለካ የሥነ ምድር ባለሙያ በሥራው ላይ ስማቸውን ሳያነሣ አይውልም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያን ሥነ ምድር በመጽሐፍ ያሳወቁት ፖል ሞር ሌላ ሰው ስለሆኑ፣ በስም መመሳሰል ሁለቱን ማምታታት አይገባም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኦቶ ሞር የተወለዱት ኦክቶበር 8 ቀን 1835 በሆልሽታይን ግዛት በሰሜን ባሕር ዳርቻ በምትገኘው በቬሰልቡረን ከተማ ነው። ሆልሽታይን በዚያን ጊዜ በዴንማርክ ንጉሥ ሥር የምትተዳደር ሲሆን፣ የአካባቢው ሕዝብ ዝቅተኛ መሬቱን ከባሕር ሞገድ በአፈር ካብ እየተከላከለ የሚኖር ነበር። ወጣቱ ሞር በ16 ዓመታቸው ወደ ሃኖቨር ሄደው በዚያ በሚገኘው የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ገቡ። ዘመኑ የባቡር ሐዲድ በጀርመን ምድር በፍጥነት የሚዘረጋበት ስለ ነበረ፣ ትምህርታቸውን እንደ ጨረሱ በሃኖቨርና በኦልደንቡርግ የባቡር መሥሪያ ቤቶች በመሐንዲስነት ተቀጠሩ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሥራቸው ድልድይ ማስላትና ማሠራት ሆነ። በጀርመን አገር መጀመሪያ ከተሠሩት፣ በብረት ዘንጎች ተገጣጥመው ከቆሙት ድልድዮች አንዳንዶቹ የእርሳቸው ንድፍ ነበሩ።

እንዲህ ባለው ድልድይ ላይ እያንዳንዱ ዘንግ ወይ ይሳባል ወይ ይጫናል። ባቡሩ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሲጓዝ የሚሳበውና የሚጫነው ዘንግ ይለዋወጣል፤ የኃይሉም መጠን እንዲሁ ይለዋወጣል። ይህን ሁሉ በአልጀብራ ማስላት አድካሚ ከመሆኑም በላይ፣ በአንዲት የምልክት ስሕተት መላው ስሌት ሲጣመም ስሕተቱን የሚያጋልጥ ነገር አልነበረም። ስለዚህ የዘመኑ መሐንዲሶች ኃይልን በመሥመር እየወከሉ መሣልን መረጡ። በዙሪክ ያስተምሩ የነበሩት ካርል ኩልማን በ1866 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን የሥዕል ስሌት ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ አደረጉት። ሞርም የዚህ መንገድ ተከታይ ሆኑ። ሥዕሉ ለእርሳቸው የስሌት ማጌጫ ሳይሆን የስሌቱ አካል ነበር።

የመጀመሪያው ታላቅ ሥራቸው በ1868 የወጣው በሃኖቨር የአርክቴክቶችና የመሐንዲሶች ማኅበር መጽሔት ላይ ነው። ሞር በዚያ ያሳዩት፣ ጭነት የከበደው ተሸካሚ የሚጎብጥበት መሥመር ጭነት ተንጠልጥሎበት ከሚረግብ ገመድ ቅርጽ ጋር አንድ ዓይነት ሕግ የሚከተል መሆኑን ነው። ለገመዱ ትክክለኛውን የጭነት አከፋፈል ከሰጡት፣ ረግቦ የሚይዘው ቅርጽ ተሸካሚው የሚጎብጥበትን መሥመር ይሰጣል። በዚህ ዘዴ አስቸጋሪው የካልኩለስ ስሌት በማስመሪያ ሊሠራ የሚችል ሆነ። የማኅበር መጽሔት ለሞያው ምን ያህል ሊጠቅም እንደሚችል ለማመልከት ይህ ጽሑፍ ብቻ በቂ ምስክር ነው፤ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ለሥራ ባልደረቦቻቸው የጻፉት ነገር ከመቶ ዓመት በላይ በየትምህርት ቤቱ ሲሰጥ ኖሯል።

በ1867 ሞር የባቡር መሥሪያ ቤቱን ትተው በሽቱትጋርት ፖሊቴክኒክ የሜካኒክስ ፕሮፌሰር ሆኑ። ዕድሜያቸው ገና 32 ዓመት ገደማ ነበር። ከተማሪዎቻቸው መካከል ኋላ በማሽን ምሕንድስና ስማቸው የገነነው ካርል ባኽና በሙኒክ የሜካኒክስ መምህር የሆኑት አውጉስት ፈፕል ይገኙ ነበር። ሞር አንደበታቸው የቀለለ መምህር አልነበሩም፤ ንግግራቸው ዝግ ያለ ነበር። ቢሆንም የሚያስተምሩት ነገር ከሌሎች መጻሕፍት የተቀዳ ሳይሆን ራሳቸው ያወጡትና ያወረዱት በመሆኑ ተማሪዎቻቸው ከመምህራኖቻቸው ሁሉ አብልጠው ይመለከቷቸው ነበር። በ1873 ወደ ድሬስደን ፖሊቴክኒክ ተዛወሩ፤ በዚያም ጡረታ እስከ ወጡበት እስከ 1900 ድረስ ለ27 ዓመታት አስተማሩ።

በ1874 ደግሞ ዘንጎቻቸው ከሚያስፈልገው በላይ በመብዛታቸው በሚዛን ሕግ ብቻ ሊሰሉ የማይችሉ ድልድዮች የሚሰሉበትን ዘዴ አወጡ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ይህንኑ ከ10 ዓመት በፊት በ1864 አሳትመውት ነበር። ሆኖም የማክስዌል ጽሑፍ ሥዕል አልባና እጅግ አጭር ስለ ነበረ መሐንዲሶች አላስተዋሉትም፤ ሞርም ሳያውቁት በራሳቸው መንገድ ደረሱበት። ሥዕልና ምሳሌ ይዞ የቀረበው የሞር ጽሑፍ ግን ወደ ሥራ ገባ። አንድ እውነት መገኘቱ ብቻውን አይበቃም፤ የሚሠራበት ሰው ሊያየው በሚችልበት መልክ መቅረብ ይኖርበታል። ሞር በጠባያቸው ቀጥተኛ፣ የራሳቸው የሆነውንም ለሌላ የማይለቁ ሰው ስለ ነበሩ፣ የአዳዲሶቹ ዘዴዎች ቀዳሚ ማን ነው በሚለው ጥያቄ ከበርሊኑ ፕሮፌሰር ከሃይንሪኽ ሙለር ብሬስላው ጋር ብርቱ ክርክር ገጥመው ነበር።

ሞርን በዓለም ያስታወቃቸው ግን በ1882 ያሳተሙት የክብ ሥዕል ነው። የዚህን ሥራ ክብደት ለመረዳት 60 ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ፈረንሳዊው ኦጉስተን ሉዊ ኮሺ በ1822፣ በአንድ ጠጣር አካል ውስጥ ባለች ነጥብ ላይ ያለውን የውስጥ ጫና በአንድ ቁጥር መግለጽ እንደማይቻል አስረዱ። የአየርን ሙቀት አንድ ቁጥር ይገልጸዋል፤ የነፋስን ፍጥነት ከነአቅጣጫው ሦስት ቁጥሮች ይገልጹታል። የውስጥ ጫና ግን በየትኛው አቅጣጫ ተቆርጦ እንደሚታይ ካልተነገረ ትርጉም የለውም። የተወጠረ ዘንግ ቀጥ ብሎ ቢቆረጥ በተቆረጠው ፊት ላይ የሚገኘው የመሳብ ኃይል ብቻ ነው፤ ዘንጉ በሰያፍ ቢቆረጥ ግን መሳብና ማንሸራተት ተደባልቀው ይገኛሉ። ዘንጉ ያው ነው፤ የሚስበውም ኃይል ያው ነው፤ የተለወጠው የመቁረጫው አቅጣጫ ብቻ ነው። በየአቅጣጫው ያለውን ሁሉ ለማወቅ ስድስት ቁጥሮች ያስፈልጋሉ። እንዲህ ያለው የቁጥሮች ስብስብ ቴንሰር ይባላል፤ ቃሉን በዛሬው ትርጉሙ በ1898 የተጠቀሙበት ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቮልደማር ፎይግት ናቸው።

ስድስት ቁጥሮችን ማወቅ ይቻላል፤ ስድስት ቁጥሮችን ማየት ግን አይቻልም። ፈረንሳዊው ገብርኤል ላሜ ነገሩን እንቁላል በመሰለ ቅርጽ ሊያሳዩ ሞከሩ። ቅርጹ ያማረ ቢሆንም በማስመሪያ ለሚሠራ መሐንዲስ አይመችም ነበር። ኩልማንም በ1866 ለተሸካሚዎች ክብ ተጠቅመው ነበር። ሞር ይህን ሐሳብ ወስደው ለማናቸውም የጫና ሁኔታ እንዲሆን አስፋፉት። በአግድሙ መሥመር ላይ የተቆረጠውን ፊት በቀጥታ የሚገፋውን ወይም የሚስበውን ጫና፣ በቁሙ መሥመር ላይ የሚያንሸራትተውን ጫና ለኩ። የመቁረጫው አቅጣጫ ቀስ እያለ ሲዞር፣ ሁለቱን መጠኖች የምትወክለው ነጥብ በወረቀቱ ላይ ስትጓዝ የምትስለው መሥመር ፍጹም ክብ ሆኖ ተገኘ።

ለምሳሌ በአንድ ቦታ በአንደኛው አቅጣጫ 80፣ በሁለተኛው 20 ኪሎ ፓስካል የመጫን ኃይል፣ ከእነዚህም ጋር 40 ኪሎ ፓስካል የማንሸራተት ኃይል አለ እንበል። የ80 እና የ20 አማካይ 50 ስለሆነ የክቡ መሐል 50 ላይ ይተከላል። የሁለቱ ልዩነት እኩሌታ 30 ነው። 30 እና 40 ጎኖቹ የሆኑ ባለ ቀጥተኛ ማዕዘን ሦስት ማዕዘን ሰያፉ 50 ስለሆነ የክቡ ሬዲየስ 50 ይሆናል። እንግዲህ ክቡ ከዜሮ ተነሥቶ እስከ 100 ይደርሳል። ትልቁ ጫና 100 ነው፤ ትንሹ ዜሮ ነው፤ ትልቁ አንሸራታች ኃይልም 50 ነው። በሰንጠረዥ ላይ 80፣ 20 እና 40 የሚሉትን ያነበበ ሰው በውስጣቸው 100 መኖሩን አይጠረጥርም፤ ክቡን ያየ ግን በአንድ እይታ ያውቀዋል። ትልቁ ጫና በየት አቅጣጫ እንደሚሠራም በክቡ ላይ ያለው ማዕዘን ይነግረዋል፤ በክቡ ላይ 53 ዲግሪ የሆነው ዙር በአካሉ ላይ እኩሌታው፣ ማለትም 26 ዲግሪ ተኩል ነው።

ሞር በ1900፣ ማለትም ጡረታ በወጡበት ዓመት፣ ከዚህ ክብ አንድ ተጨማሪ እርምጃ ወሰዱ። ፈረንሳዊው ሻርል ኦጉስተን ኩሎም በ1773 አፈር የሚንሸራተተው የማንሸራተቱ ኃይል ከአፈሩ ቁርኝትና ከሰበቃው ድምር ሲበልጥ መሆኑን አስረድተው ነበር። ይህ ሕግ በሞር ወረቀት ላይ ሲቀመጥ ወደ ላይ ያዘነበለ መሥመር ይሆናል። ሞር እያንዳንዱ ቁስ የራሱ የሆነ ወሰን እንዳለውና፣ ያ ወሰን በየሙከራው ከተገኙት ክቦች በላይ እንደ መጋረጃ የሚዘረጋ መሥመር መሆኑን አሳዩ። ክቡ ከመሥመሩ በታች ሳለ ቁሱ ይጸናል፤ ክቡ መሥመሩን የነካ ጊዜ ይሰበራል። የነካበት ነጥብም መስበሩን ብቻ ሳይሆን በየት በኩል እንደሚሰበር ያመለክታል።

ወደ ራያ ሜዳ መመለስ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በጎብዬና በቆቦ ሥር በጥልቀት ያለ አለት ከላዩ የተከመረው አለት ክብደት ቁልቁል ይጫነዋል። ይህ ክብደት አይለወጥም፤ ስለዚህ የክቡ የቀኝ ጫፍ ባለበት ይቆያል። አፋር ከደጋው እየራቀ ሲሄድ ግን በአግድም አለቱን አቅፎ የያዘው ጫና እየሳሳ ይሄዳል፤ የክቡም የግራ ጫፍ ወደ ግራ ይጓዛል። ክቡ እንዲህ እያደገ ሄዶ አንድ ቀን ያዘነበለውን መሥመር ይነካል። የአለቱ የሰበቃ ማዕዘን 30 ዲግሪ ቢሆን፣ የሚነካበት ነጥብ በክቡ ላይ 120 ዲግሪ ነው፤ በመሬት ላይ እኩሌታው 60 ዲግሪ ይሆናል። ስለዚህም ስብራቱ ከአግድሙ ወደ 60 ዲግሪ በሚጠጋ ማዕዘን ቁልቁል ይወርዳል። ምሥራቅና ምዕራብ ሲሳብ ስብራቱ ሰሜንና ደቡብ ይዘልቃል። በደጋው ተረተርና በዞብል መካከል ሜዳው ከሰሜን ወደ ደቡብ ተዘርግቶ መቀመጡ ከዚሁ ሥዕል የሚነበብ ነገር ነው።

ይህ ለአካባቢው የታሪክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከራያ ተነሥቶ በቦርከና አልፎ እስከ ካራ ቆሬ የሚወርደው የስምጦች ሰንሰለት ዛሬም ይንቀሳቀሳል። በ1961 ካራ ቆሬን በመታው ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴ ፈርሳለች፤ ካራ ቆሬም ክፉኛ ተጎድታለች። በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪን ያቋቋሙት ካናዳዊው አባ ፒዬር ጉዌን ይህንና ሌሎችንም አሰባስበው በ1979 ባሳተሙት የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ መጽሐፍ መዝግበውታል። በ2010ዎቹ ሥራቸው የተጀመረው ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ፣ ከሐራ ገበያም ወደ መቀሌ የሚወስዱት የባቡር መሥመሮች በዚሁ ጠርዝ አካባቢ እንዲያልፉ የተነደፉ ናቸው። ሐዲዱ የሚያልፍበትን የተቆረጠ ኮረብታና የድልድዩን መሠረት አፈር የሚመረምር መሐንዲስ፣ ከ150 ዓመት በፊት አንድ የሃኖቨር ባቡር መሐንዲስ ባነሣው ጥያቄ ፊት ይቆማል።

በዚህ ላይ ውኃ ይጨመራል። ኦስትሪያዊው ካርል ቴርዛጊ በ1920ዎቹ እንዳስረዱት በአፈር ውስጥ የገባ ውኃ የአፈሩን ቅንጣቶች የሚያቅፈውን ጫና ይቀንሳል። ይህ በሞር ሥዕል ላይ ሲታይ፣ ክቡ ሳያድግና ሳያንስ ባለበት መጠን ወደ ግራ፣ ወደ ወሰኑ መሥመር ይገፋል። በክረምት ከተራራው በወረደ ጎርፍ የራሰ ቁልቁለት አንዳች ጭነት ሳይጨመርበት የሚንሸራተተው ስለዚህ ነው። ጭነቱን ብቻ የሚቆጥር ሰው ምክንያቱን አያገኘውም፤ ክቡ ሲንቀሳቀስ ያየ ግን ከዝናቡ በፊት ውኃ የሚወጣበትን ቦይ ያስቆፍራል።

የሞር ሐሳብ ሳይፈተን አላለፈም። ቴዎዶር ፎን ካርማን በ1911 እብነ በረድን ዙሪያውን በፈሳሽ እያቀፉ በመጫን የሞርን ወሰን መረመሩ፤ ውጤቱም ከትምህርቱ ጋር በአመዛኙ ተስማማ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሌላ አኳኋን የተደረጉ ሙከራዎች ግን ልዩነት አሳዩ። ምክንያቱም ሞር ከሦስቱ ዋና ጫናዎች ትልቁንና ትንሹን ብቻ ሲመለከቱ መካከለኛውን መተዋቸው ነበር። ለብረት የሚስማማ ሌላ መለኪያ በ1904 ማክሲሚሊያን ሁበር፣ በ1913 ሪቻርድ ፎን ሚዘስ አቀረቡ። ለአፈርና ለአለት ግን የኩሎምና የሞር ስም ተጣምሮ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ቴንሰርን በሥዕል የማሳየት ጥበብ ከሞር በኋላ ብዙ ተራምዷል። ከ1970 ወዲህ የመሬት መንቀጥቀጥ ባለሙያዎች የእያንዳንዱን መንቀጥቀጥ ምንጭ በቴንሰር ይገልጻሉ፤ በካርታም ላይ ግማሹ ጥቁር ግማሹ ነጭ በሆነ ኳስ ይሥሉታል። መሐሉ ነጭ፣ ግራና ቀኙ ጥቁር የሆነ ኳስ መሬቱ ተስቦ መስጠሙን ያመለክታል፤ በአራት የተከፈለው ደግሞ ጎን ለጎን መንሸራተቱን። ሐኪሞችም ውኃ በአንጎል ውስጥ የሚሰርግበትን አቅጣጫ ለማየት የላሜን እንቁላል መሰል ቅርጽ የመሰለ ሥዕል ይጠቀማሉ። መሐንዲሱም በኮምፒውተር መስኮት ላይ ድልድዩን ወይም ግድቡን በቀይና በሰማያዊ ቀለም ተሸልሞ ያየዋል።

ይሁን እንጂ ቀለሙ የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ስድስቱ ቁጥሮች ወደ አንድ ሲጨመቁ አቅጣጫው ይጠፋል። ቀዩ ቦታ ጫናው የት እንደበረታ ይናገራል፤ ተሸካሚው እየተሳበ ይሁን ወይም እየተጫነ፣ ስንጥቁም በየት በኩል እንደሚሄድ ግን አይናገርም። ለብረት የወጣውን መለኪያ ለአፈር ቁልቁለት የሰጠ ሰው፣ ውብ ሥዕል ይዞ የተሳሳተ ፍርድ ሊሰጥ ይችላል። የሞር ክብ ቀለም የለውም፤ ነገር ግን መጠንንና አቅጣጫን፣ ያለውን ጫናና የሚቻለውን ወሰን አንድ ላይ ይዞ ለዓይን ያቀርባል። የሥዕል ዋጋ የሚለካው በማማሩ ሳይሆን ውሳኔ ለመስጠት የሚያስፈልገውን ነገር ባለማስቀረቱ ነው።

ሞር ከጡረታ በኋላ በድሬስደን ሆነው ሥራቸውን አልተዉም። በልዩ ልዩ ጊዜ በየመጽሔቱ የጻፏቸውን ድርሰቶች አሰባስበው በ1906 በአንድ መጽሐፍ አሳተሙ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ከስድስት ሳምንት ያነሰ ጊዜ ሲቀረው፣ ኦክቶበር 2 ቀን 1918 በ82 ዓመታቸው በድሬስደን አረፉ። ያቆሟቸው ድልድዮች ለአንድ ዘመን ባቡር የተሠሩ ነበሩ። ክባቸው ግን በየአገሩ የምሕንድስና ትምህርት ቤት፣ በአዲስ አበባም ጭምር፣ ተማሪ ሁሉ በእርሳስ የሚስለው ሆኖ ቀርቷል። ያን ክብ ስለ ፈተና ብቻ የሣለ ሰው ቶሎ ይረሳዋል። በራያ ቁልቁለት ላይ መንገድ የሚቆርጥ፣ ከተራራው ሥር ግድብ የሚያቆም፣ በስምጡ ጠርዝ ላይ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል የሚሠራ ባለሞያ ግን በዚያ ሕንፃ ውስጥ የሚያድሩትን ሰዎች አስቦ ይስለዋል፤ ክቡ መሥመሩን ከመንካቱ በፊት የሚያየው እርሱ ነውና።